በዓይን ግምት

አናጢው ሜትር ዘርግቶ አያውቅም። ሜትሯ ወገቡ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች፤ ለጌጥ። «ዓይን ለምን ተፈጠረና!» ይልና ጣውላውን አንዴ ገርመም አድርጎ ይቆርጣል። በዚሁ ዓይኑ ለሚስቱ ቁምሳጥን ሠራላት። ወደ መኝታ ቤት ሲያስገባው የቁምሳጥኑ አናት አለፈና ትከሻው መቃኑ መሃል ተቀረቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። ሚስቱ ውስጥ ታግታ ምሳዋን በመስኮት ተቀበለች። ያወጣት መጋዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ስሙን ረስቶ «ቁምሳጥን» ይለዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ሚስቱ ስትፀንስ ልጁንም በዓይኑ ለካው። የእሷ ሆድ በገፋ ቁጥር የእሱ ደረት ይነፋል። «ሌላው ልጅ ይወልዳል፤ የእኔዋ ወይፈን ነው የምትወልደው!» እያለ በየሱቁ ደጃፍ ይፎክራል፤ እርጉዙ እሱ ነው የሚመስለው።

ወሯ ሲገባ ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየቻት።

«ልጁ ተለቅ ያለ ነው። አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል።»

«አላልኩም?» አለ ቁምሳጥን፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ።

«ግን ግምት ነው» አለች ሐኪሟ። «ግማሽ ኪሎ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል።»

ግምት! ሰውየው ከተለጠጠበት ተሰበሰበ። ግምት ስንት እንደሚያወጣ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ሲቸበችበው የኖረ ዕቃ ነው።

«ዶክተር... ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ያልፋል አይደል?»

«አብዛኛውን ጊዜ አዎ። አንዳንዴ ግን ትከሻው ይያዛል።»

ትከሻው። መቃኑ ዓይኑ ላይ መጣ።

«ታዲያ በደንብ ለኩታ!»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» አለች ሚስቱ። «እባክህ አታሳፍረኝ። ሜትር ከማን ጋር ተጣልቶ እንደኖረ ይታወቃል።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እሷ ዞረች። «እህቴ፣ ሠፈር ባለው ክሊኒክ አትውለጂ። እዚህ ነይ። ምጥ ሲጀምርሽ ቤት አትቆዪ። በምጥ እንሞክራለን፤ አልገፋ ካለ የቀዶ ሕክምናው ክፍል አጠገባችን ነው።»

ሚስቱ እሺ አለች። እሱ የሰማው «ቀዶ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ያውም የመጋዝ ድምፅ ይዛ።

ሲመለሱ ባለሱቁ «ቁምሳጥን! ወይፈኑ እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ፉከራ የት ገባ? አቀርቅሮ አለፈ።

ቤት ገብተው ሚስቱ ጋደም አለች። ቁምሳጥን መኝታ ቤቱ በር ላይ ተንበረከከ። ሜትሯን ከወገቡ ፈታ፤ ዝጋ ነው መሰል እያንቋረረች ተዘረጋች። መቃኑን ለካ። ደግሞ ለካ። ቁጥሩ አልያዝ አለው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቃሬዛ ቢመጣ ያልፍ እንደሁ ብዬ።»

«በዓይንህ አይታይህም?» ሳቀች።

«ዓይኔን አላምነውም።»

ሳቋ ተቋረጠ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጫነች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሟ ስትናገር አልፈራሁም ነበር። አንተ ሜትር ይዘህ ሳይህ ግን ፈራሁ።»

አይዞሽ ሊላት ቀና አለና ዓይኑ ሆዷ ላይ አረፈ።

«ያልፋል?» አለችው።

ስለ ቃሬዛው ትሁን ስለ ልጁ አልገባውም። ሜትሯን እንደገና መቃኑ ላይ አስደገፋት።

«ቆይ» አለ። «አንዴ ልድገመው።»