ሹሩባ እየሠራች የምታስፈራ ሴት

ፈሪዋ ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሲያወጣላትም ክፋት አልነበረበትም፣ ያየውን ነው የተናገረው። ልጅ ሳለች የማትፈራው ነገር አልነበረም። ውሻ ትፈራለች፣ ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጃንጥላ እንኳ ካየች በዚያ በኩል አታልፍም። ከሁሉም የባሰባት ግን ቤተሰቧ ተከራይቶ በሚኖርበት ፎቅ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ያለች አንዲት አጭር በር ነበረች። የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ናት፤ ይህን ራሷም ታውቃለች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትከፍታት ስንት ጊዜ አይታለች። በሯ ስትዘጋ ግን ከውስጥ የሆነ ነገር የሚተነፍስ ይመስላታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ጋ ስትደርስ እግሬ አውጪኝ ብላ ደረጃውን ትወጣዋለች፤ ቤት ስትገባ ልቧ ሊወጣ ይደርሳል።

አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ ልጅ ወልዳም ፍርሃቱ አልለቀቃት። ሊፍት አትገባም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ እሱ በሊፍት ቀድሞ ይደርስና፣ ሰላምታውን ጨርሶ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ባለቤትህስ?» ሲሉት «መንገድ ላይ ናት፣ ለእራት ትደርሳለች» እያለ ቤቱን ያስቃል። እሷም ደረጃውን ጨርሳ እያለከለከች ስትገባ ሳቁ ይጠብቃታል። አትቀየምም። ለምዳዋለች።

እጇ ግን የማንም ፈሪ እጅ አልነበረም። ሹሩባ ሠሪ ናት። ሱቋ በፋርማሲውና በጫማ ሰፊው መሃል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ለትልልቆቹ ከፍ ያለ ወንበር፣ ለልጆቹ ደግሞ ጉልበቶቿ መሃል የምታስገባው ዝቅ ያለ በርጩማ አላት። የትልቅ ሰው ፀጉር ሥራ ነው፤ የልጅ ፀጉር ግን ትግል ነው። ማበጠሪያው ገና ሳይነካቸው የሚያለቅሱ አሉ፣ በየደቂቃው ሽንቴ መጣ የሚሉ አሉ፣ ልክ የግንባሩ መስመር ሲሰመር ዘወር ብለው መንገድ የሚያዩ አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠችው የጎረቤቷ የፋርማሲስቷ ልጅ ነበረች። ሰፈሩ «ፌንጣ» ይላታል፤ ሌላ ስም ያላት የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደ ጥጥ ተበትኖ ሳለ ከበርጩማው ብድግ ብላ ወደ መንገዱ ሮጠች። ሹሩባ ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ተከትላ ጫማ ሰፊው በር ላይ ያዘቻት። መልሳ አስቀመጠቻት። ቁጣ እንደማይሠራ ታውቃለች፣ ከረሜላም አልቋል። ሌላ መላ ስታጣ፣ «ግማሽ ሹሩባዋን ይዛ የሸሸችው ልጅ ምን እንደደረሰባት ሰምተሻል?» አለቻት።

ፌንጣ አልሰማችም። ሹሩባ ሠሪዋም አልሰማችም፤ እንዲህ ያለች ልጅ መኖሯን ያወቀችው ገና አሁን ከአፏ ሲወጣ ነው። ከጀመሩት ወዲያ ግን ማቆም የለም። ልጅቱ ሸሽታ ወዴት ገባች? ቶሎ የመጣላት መደበቂያ ያው ከደረጃው ሥር ያለችው በር ነበረች። አስገባቻት። ከውስጥ ምን ጠበቃት? ይህንን ለማሰብ ጊዜ አላስፈለጋትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታስበው ኖራለች። ውስጥ ያለው አካል የለውም። ትንፋሽ ብቻ ነው። ስሙም «የሚተነፍሰው» ነው። የልጆችን ድምፅ እየወሰደ በጠርሙስ ይከድናል፤ ድምፃቸው የተወሰደባቸው ልጆች እናታቸውን ቢጠሩ አይሰሙም። ያችን ልጅ ሊይዛት ሲመጣ የተሠራውን ግማሽ ሹሩባዋን መጨበጥ አቃተው፤ ጣት የሌለው ነገር ጉንጉን መፍታት አይችልማ። በተፈታው በኩል ግን ፀጉሯን እንደ ነፋስ ገብቶ ያዘው።

ፌንጣ ድንጋይ ሆነች። ሹሩባ ሠሪዋ እንዲህ ያለ ጭንቅላት በሥራ ዘመኗ ይዛ አታውቅም፤ ጣቶቿ ተረቱን ተከትለው ፈጠኑ። የመጨረሻዋ ጉንጉን ስታልቅ በተረቱ ውስጥ ጠርሙሱ እየተከፈተ ነበር።

«ከዚያስ?» አለች ፌንጣ።

«ከዚያማ ፀጉርሽ አለቀ። ሲፈታ ነይ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፋርማሲስቷ እየሳቀች መጥታ፣ ልጇ በድብቅ ሹሩባዋን እየፈታች መያዟን ነገረቻት።

እንዲህ ተጀመረ። ተረቱ ወሬ ሆነ። ሌሎቹ ልጆችም ከፌንጣ አፍ ሰምተው «ከመጀመሪያው ንገሪን» እያሉ ይመጡ ጀመር። አንድ ሹሩባ እስኪፈታ ሳምንታት ይወስዳልና፣ ሴትዮዋ ሳታስበው አንድ ነገር ተማረች፤ ጉንጉኑ ሲያልቅ ተረቱ ከሁሉም የሚያስጨንቀው ቦታ ላይ መድረስ አለበት። ልጆቹ በሳምንቱ መሃል መስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ይዘው «እንርዳሽ» እያሉ ሲሽከረከሩባት ትስቅባቸዋለች እንጂ አትነግራቸውም። ጠርሙሶቹ በዙ። ከበሩ ወዲያ ሌላ ደረጃ ተገኘ፣ እሱም ወደ ታች የሚወርድ። ከደረጃው ግርጌ ድምፅ የሌላት ከተማ ተገኘች።

ያልጠበቀችው የትልልቆቹን ነገር ነው። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች ድሮ ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር የሚጠብቁት። አሁን ስልኩ ጭናቸው ላይ ተረስቶ ይጠፋል። አንዷ ካስክ ሥር ሆና ስለማትሰማ በየመሃሉ ብቅ እያለች «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። ልጅ የሌላቸውም መጡ፤ ትናንት የተሠሩትን ፀጉር «አልተመቸኝም» ብለው።

መንታ የልጅ ልጆቹን የሚያመጣ ጡረታ የወጣ የትራፊክ ፖሊስም ነበር። መጀመሪያ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ቀጥሎ በሩን ተደግፎ፤ በመጨረሻ ወንበር ስቦ መሃል ገባ። አንድ ቀን ልጆቹ ተሠርተው ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ ልጅ ሳለሁ ስፈራ፣ ‹ምንም የለም፣ ተኛ› ነበር የሚሉኝ» አላት። «አንቺ ግን ‹አዎ አለ፣ ኑ አብረን እንየው› ነው የምትያቸው። እኔንም እንዲያ ቢሉኝ ኖሮ ደግ ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔም እኮ እፈራለሁ» አለችው።

«ያስታውቃል» አለ ሰውየው። «ለዚህ ነው የማምንሽ።»

ይህን ለባሏ ስትነግረው ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት ራሷም ሰማችው።

ነገሩ እንዲህ እንዳማረ አልቀጠለም። አንድ ከሰዓት ፋርማሲስቷ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች መጣች፤ ዛሬ ሳቅ የለም። ፌንጣ ከፋርማሲው ጀርባ ወዳለው ዕቃ ክፍል አልገባም ብላለች፤ ጠርሙሶቹ ይተነፍሳሉ ትላለች። ፋርማሲ ደግሞ ጠርሙስ የማይጠፋበት ቤት ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ጎረቤት ናቸው፣ ስንት ነገር አብረው አሳልፈዋል። ሕፃን ልጅ እያስፈራሩ ዝም ማሰኘት ተገቢ አለመሆኑን ብቻ ተናግራ ወጣች።

ሹሩባ ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ፍርሃት ምን እንደሆነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? የራሷን በር አንሥታ የጎረቤት ልጅ ቤት ውስጥ የተከለችው መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመን ስለሚወድ አንድ ጥንቸል መተረክ ጀመረች። ጥንቸሉ ደግ ነበር፤ ጎመኑም አላለቀም። ልጆቹ በጨዋነት ጥቂት አዳመጡትና ወደ ዱሮው መቁነጥነጥ ተመለሱ። መስመሮቹ ተጣመሙ። የትራፊክ ፖሊሱ ተመልሶ ውጭ መቆም ጀመረ።

ፌንጣ የመጣችው ፀጉሯ ፈጽሞ ተፈትቶ ነው፤ እናቷ እጇን ይዛታለች። ፋርማሲስቷ ልጇ ለቀናት እንዳኮረፈቻት፣ በመጨረሻም ለምን የሚያስፈራትን ነገር እንደምትፈልግ ቁጭ ብላ እንደጠየቀቻት ተናገረች። «ለእኔ የነገርሽኝን ለእትዬም ንገሪያት» አለቻት።

ፌንጣ ወለሉን እያየች፣ «እዛ እንደሌለ አውቃለሁ» አለች። «ግን እትዬ ጭንቅላቴን ይዛኝ ስፈራ ደስ ይለኛል። ብቻዬን ስፈራ ነው ደስ የማይለኝ። እማዬም ትስማው፣ ከዛ አብረን ዕቃ ክፍል እንገባለን።»

ሹሩባ ሠሪዋ በርጩማውን ሳበች። ፋርማሲስቷም ካፖርቷን አውልቃ ካስኩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካስኩ ግን አልተከፈተም። ያን ቀን በተረቱ ውስጥ ግማሽ ሹሩባዋ ልጅ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰበረች። ከውስጡ የወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ ሊነገር ሲል ጉንጉኑ አለቀ። «አይሆንም፣ ይህማ ግፍ ነው» ያለችው ልጅቷ ሳትሆን እናቲቱ ነበረች።

የሹሩባ ሠሪዋ ልጅ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። እናቷን ሳታስፈቅድ ስልኳን መስታወቱ ሥር እያስቀመጠች ስትቀዳ ከርማ፣ የቀዳችውን እየሰማች በትርፍ ሰዓቷ መጻፍ ጀምራ ነበር። አንድ እሑድ የተጻፈውን አትማ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥላት፣ እናቲቱ ወረቀቱን አገላብጣ «ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያወራሁት?» አለች። ከልጇ ጋር ተቀምጠው ያልተመቻትን አወጡ፣ የጎደለውን ጨመሩ። አንድ አነስተኛ አሳታሚ ወሰደው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ ሁለተኛው ተከተለ፣ አንባቢ አላስቀምጥ ስላለ ሦስተኛውም።

የመጽሐፉን ወሬ ወደ ቤት የሚያመጣው ባሏ ነበር። አውቶቡሱን እየነዳ በመስታወቱ ተሳፋሪውን ያያል። የትምህርት ቤት ልጆች ሁለት ሆነው አንዱን መጽሐፍ ሲያነቡና ፈጣኑ ዘገምተኛውን ገጽ እስኪጨርስ ሲጠብቀው አየ። ነርስ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ስታነብ አየ። ክራቫት ያሰረ አንድ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ጋዜጣ ውስጥ ደብቆ እያነበበ ፌርማታው አልፎት ሄደ። «ፌርማታዎ አለፈዎት ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አለ ባሏ። «‹ዝም በል፣ በሩ እየተከፈተ ነው!›» ታሪኩን በነጋታው ደገመው፣ በሠልስቱም ደገመው። እሷ ግን አልሰለቻትም፤ አንጀቷ ቅቤ እየጠጣ ታዳምጠዋለች።

ከዚያ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በአዳራሹ ቆማ እንድትተርክ ጠራቻት። እሺ ያለችው አፏ ነው እንጂ ጉልበቷ አይደለም። በቀኑ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ልጆቹ ፊት ወለሉ ላይ፣ ትልልቆቹ ወንበሩ ላይ፣ ቦታ ያጡት ግድግዳ ተደግፈው። ቆጥሮ ያነጻጸረ የለም እንጂ ትልልቆቹ ሳይበዙ አይቀሩም። ሹሩባ ሠሪዋ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። የገዛ ተረቷ ጠርሙስ ውስጥ የገባች መሰላት። እጆቿ የሚይዙት ነገር አጥተው ቀሚሷን ይጨምቃሉ።

ያኔ ነው እጆቿን ያየቻቸው። ባዶ ናቸው። በሕይወቷ ባዶ እጇን ተርካ አታውቅም።

ባሏን በዓይኗ ፈልጋ ጠቀሰችው፤ ገባው። የቤተ መጻሕፍቱን የሕፃናት ክፍል በርጩማ አንሥቶ መድረኩ ላይ አስቀመጠላት። ከቦርሳዋ ማበጠሪያዋን አወጣችና፣ «ፌንጣ፣ ነይ የኔ እናት፣ ፀጉርሽ ተፈትቷል አይደል?» አለች።

አሁን ቁመቷ የረዘመው ፌንጣ እየተሽኮረመመች ወጥታ በጉልበቶቿ መሃል ተቀመጠች። የመጀመሪያው መስመር ተሰመረ። ድምፅዋ መጣ። ማይክራፎኑ ርቆ ቀርቷል፤ ማንም አልፈለገውም። አዳራሹ ጸጥ አለ። የትራፊክ ፖሊሱ በሁለቱ መንታዎች መሃል ተቀምጦ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። ፋርማሲስቷ ከንፈሯን ነክሳለች። አንድ ሕፃን ጮኾ እናቱ ጉያ ገባና፣ ወዲያው አንገቱን አወጣ።

ሹሩባ ሠሪዋ ቀና ብላ ያንን ሁሉ ሕዝብ አየችው። ሁሉም ፈርቷል። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ከአዳራሹ ውስጥ ያልፈራች ብቸኛ ሰው ነበረች፤ መቶ ሰው ፍርሃቱን አምጥቶ እጇ ላይ እንዳስቀመጠላት፣ እሷም ሳትጥለው መያዝ እንደምትችል አወቀች። የመጨረሻዋን ጉንጉን ቋጠረች። ድምፅ የሌላት ከተማ በር ሊከፈት ሲል አቆመች፤ አዳራሹ በአንድ አፍ አጉረመረመ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ልጆች ከበቧት። መጽሐፍ የሚያስፈርሙ ነበሩ፣ ፀጉራቸውን የሚያሳዩዋት ነበሩ። ክራቫት ያሰረ ሰውም መጽሐፉን ያለ ጋዜጣ ይዞ ተሰልፏል፤ ያው ሰውዬ ይሁን ሌላ ባሏ ሊምል አልቻለም።

ከሰዓቱ ፀሐይ ገና ሞቅ እንዳለ በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ባሏ የሷን ቦርሳ በትከሻው አንግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ከየት እንደሚመጡ ይጠይቃል፤ እሱም ለእያንዳንዱ ቆሞ ይመልሳል።

«ባለቤቴ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስፈርታ መመለሷ ነው።»

እሷ ድሮ ቢሆን «ተው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል» ትለው ነበር። ያን ቀን አላለችም። ለሁሉም ነግሮ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው።