ጾመኛው አባ ኮዳ

ሟችን ማማት ነውርም ኃጢአትም ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሟቹ ወፍ ነው።

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት በነበረኝ ጊዜ፣ ፌስታል ገና ሳይከለከል፣ አንድ አባ ኮዳ ከጓሯችን ቆሻሻ ላይ አጥንት እየለቀመ ይኖር ነበር። ያ መላጣ፣ ከአንገቱ ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ማለቴ ነው። ዐቢይ ጾም ገባና ሥጋ መሥራት አቆምን። እሱ ግን ወዴትም አልሄደም። ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ መቆሙን ቀጠለ።

«ሥጋ የለ፣ ምን ይጠብቃል?» አለች ባለቤቴ።

«እየጾመ ነዋ!» አልኳት።

ወሬው ተዛመተ። ደንበኞቻችን ሽሯቸውን በልተው ሲያበቁ ጓሮ ወጥተው ያዩት ጀመር። ጋሽ ተፈራማ የማይጾም አማቻቸውን እየጎተቱ አምጥተው፣ «አየህ? ወፍ እንኳ ካንተ ተሻለ!» አሉት። አማችየው አቀረቀረ። እኔ በወፌ ኮራሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ ማናችንም ሳንቀምስ፣ ሥጋ ያልተለየው አጥንት ይዤለት ወጣሁ። ጓሯችን ካለው ዛፍ ሥር ተዘርሯል። ዘበኛችን ኦሞንዲ «ፖሌ፣ ቦስ» ብሎ አጽናናኝና ምን እንደገደለው ለማየት ሆዱን በቢላ ቀደደው።

«ጾሙ ጎድቶት ይሆን?» አልኩት።

«ኧረ ጠግቧል!»

ጨጓራው ትርፍራፊ ሽሮ ቋጥረን በምንጥልበት ሰማያዊ ፌስታል ጢም ብሏል። የምግብ ቤቴ ስም ሳይቀር ይነበባል።

አደራችሁን፣ ለጋሽ ተፈራ አማች እንዳትነግሩብኝ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ መጾም ጀምሯል።