አማና የተቀመጠው ክኒን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ተፈራ እጄን አስታጠቡኝ፣ ነጭ ጋውን አስለበሱኝና ጣቴን ወጉኝ። ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ ከጤና ጣቢያችን ጓሮ ያለችው ጠባብ ላቦራቶሪ ናት። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ቴክኒሻን ነበርኩ። መርፌ በሰው ላይ እንጂ በእኔ ላይ የሚነሣ አይመስለኝም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ተቀምጧል። የመዳብ ሰልፌት ነው። ጋሽ ተፈራ ከጣቴ የወጣውን ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሳቡና አንዲት ጠብታ ብርጭቆው ውስጥ ለቀቁ። ጠብታዋ ትንሽ ዋለለችና ቀጥ ብላ ወረደች።

"ሰጠመች፤ ደም መስጠት ትችያለሽ" አሉኝ። "ተንሳፍፋ ብትቀር ብረትሽ አንሷል ማለት ነበር። ጠብታው የተንሳፈፈበትን ሰው፣ አለቃም ቢሆን፣ ደም አትቀጂውም።"

ነገሩን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ማረሻ የሚሠራበት ብረት ከእኔ ጣት በወጣች ጠብታ ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ሲጎትታት በዓይኔ ሳይ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንን ጠብታ ሲወርድ አይቼ ሳልደነቅ የቀረሁበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ድርቁም ገና ማለፉ ነበር። ደም የምንሰበስበው በየገበሬ ማኅበሩ እየዞርን ነው፤ ነዳጅ ከተፈቀደልን በላንድሮቨር፣ ካልተፈቀደልን በእግር። ለጋሹን ጣቱን እንወጋለን፣ ጠብታውን እናያለን፣ የደም ዓይነቱን እንለያለን፣ ከዚያ ተጣጣፊ አልጋ ላይ አስተኝተን እንቀዳለን። ጠርሙሱ በበረዶ ሣጥን ደሴ ወዳለው ሆስፒታል ይላካል። ለጋሹ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣና የብረት ክኒን ተጠቅልሎለት ይሸኛል።

ስለ ክኒኑ የምንነግረው ብዙ ነበር። በቀን አንድ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ፤ ከቡናና ከሻይ አርቁት፤ ዓይነ ምድር ያጠቁራልና አትደንግጡ። ይህን የመጨረሻውን ያልሰሙ አንድ የውጫሌ ሽማግሌ ሆዳቸው የከሰለ መስሏቸው ለመናዘዝ ጎረቤት ሰብስበው ነበር። ጋሽ ተፈራ ሄደው እስኪያስረዱ ድረስ ቤቱ በለቅሶ ታምሶ ነበር አሉ።

ደም የሰጠ ሰው ፈሳሹን ቶሎ ይተካል። ብረቱን ግን በማሽላ እንጀራና በሽሮ ልተካ ቢል ወራት ይፈጅበታል። ከድርቅ የወጣ ገበሬ ደግሞ ቀድሞውንም የተረፈ ብረት የለውም። ክኒኑ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

አያ እንድሪስን ያገኘናቸው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ገበሬ ነበሩ። ደማቸው ኦ ኔጌቲቭ፣ ለማንኛውም ሕመምተኛ የሚሆን ብርቅ ደም፣ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አካባቢ ብዙ ለጋሽ መርምረን ይህን ዓይነት ደም ያየነው እሳቸው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ በፈለገ ቁጥር እናስጠራቸዋለን። እርሻ ላይም ቢሆኑ በሬዎቻቸውን ፈትተው ይመጣሉ።

ደማቸው ካዳናቸው ሰዎች አንዷ የሺ የምትባል የውጫሌ ልጅ ናት፤ የእሷም ደም ያው ዓይነት ስለሆነ ሌላ ደም አይሆናትም። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት ሕፃኑ ሞተ፤ እሷ በአያ እንድሪስ ደም ተረፈች። ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም። ከጊዜ በኋላ የሺ ሆዷ ገፍቶ ላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆመች።

"ሐኪሙ እንደገና ሊፈስሽ ይችላል አለኝ" አለች። "ያ ደሙን የሰጠኝ ሰውዬ በሕይወት አለ?"

"አሉ።"

"እንግዲያው እወልዳለሁ" አለችና እንደ ልብ ተቀመጠች።

አያ እንድሪስን አስጠርቼ ጣታቸውን ወጋሁ። ጠብታዋ ሰማያዊው ውሃ ላይ ወደቀች፣ ትንሽ ጠለቅ አለች፣ ተመልሳ ወጣችና ተንሳፈፈች። ውሃውን ቀየርኩና ደገምኩት። አሁንም ተንሳፈፈች። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። የሺ ልትወልድ የቀሩት ወራት ጥቂት ናቸው።

"አያ እንድሪስ፣ ክኒኑን ይውጣሉ?" አልኳቸው።

"አልዋጥሁም።"

"የቱን?"

"አንዱንም።"

"ታዲያ ምን አደረጉት?"

"ለመንደራችን ነፍሰ ጡሮች ሰጠኋቸው። እናንተስ ለነሱ ትሰጡ የለ?"

ልቆጣ ብዬ ምክንያት አጣሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ እንሰጣለን። ለምን እንዳልዋጡት ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ሳያነሡ መለሱልኝ።

"እቴ፣ ደሜን የሰጠሁት ሰደቃ ብዬ ነው። የሰደቃ ዋጋ ከአላህ ነው እንጂ ከሰው አይቀበሉትም። ክኒናችሁን ብውጥ ደሜን ሸጥሁት ማለት ነው። አጅሩ፣ ምንዳው፣ ይቀርብኛል።"

"ዋጋ አይደለም፤ የጎደለዎትን መተካት ነው" አልኳቸው።

"ይጉደል። ካልጎደለማ ምኑን ሰጠሁት?"

ስለ ብረት የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፣ መረቁኝና ሄዱ። የመንደራቸው ለጋሾችም እሳቸውን አይተው ክኒን እንደማይውጡ ቆይቼ ደረስኩበት። የዚያን ዕለት ከሄዱ በኋላ በጣም ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በላይ ግን ገረመኝ። ሰው ከሰውነቱ ጎድሎበት፣ ጉድለቱን እንዳይነኩበት ሲለምን አይቼ አላውቅም ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነገሩን ሲሰማ ወዲያው መፍትሔ አመጣ። "በማኅበሩ ውሳኔ ይውጣል፤ እምቢ ካለ ሁለት ታጣቂ እልክበታለሁ" አለ። ጋሽ ተፈራ "ጓድ፣ በግድ የተዋጠ ክኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም" ብለው መለሱት። ሕክምናው እንዲህ አይልም፤ ሊቀ መንበሩ ግን አመነ።

ሁሉንም ለየሺ ነገርኳት። እንዳትደነግጥ አለስልሼ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። "እሳቸው ጋ ውሰጅኝ" አለች።

አርዲቦ ስንደርስ አያ እንድሪስ ከደጃፋቸው አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። ባለቤታቸው ዘምዘም የሺን ስታይ መቀመጫ ይዛ ወጣች። "የውጫሌዋ የሺ ናት፣ ደምዎ የገባላት" አልኳቸው። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ፈዝዘው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ ነበር፤ ትንሽ ሲሠሩ ይደክማቸዋል ብላ ዘምዘም በጆሮዬ ነገረችኝ።

የሺ አልተቀመጠችም። እጇን ወደኔ ዘረጋች። "ክኒኑን ስጪኝ። ለኔ ነው የምትሰጪኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም" አለች። የክኒኑን ጥቅል ሰጠኋት። ተቀብላ ወደ እሳቸው ዞረች።

"አያ እንድሪስ፣ ያኔ የሰጡኝ ሰደቃ ነው፤ አልከፍልዎትም፣ አላህ ይክፈልዎት። ይኸ ግን የኔ ንብረት ነው። አሁን ከእጇ ስቀበል አይተዋል። እኔ ጋ ቢቀመጥ የምወልድ ቀን ከደሜ ጋር ይፈሳል። እርስዎ ጋ አማና ላስቀምጠው መጣሁ።"

ወሎ ውስጥ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አማና ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አደራ ነው። አንተ ዘንድ የተቀመጠውን ዕቃ ባለቤቱ እስኪጠይቅህ ድረስ አትነካውም፣ አታጎድለውም፣ ለሌላ አትሰጠውም። ሲጠይቅህ ደግሞ ትመልሳለህ።

"የት ነው የማስቀምጠው?" አሉ አያ እንድሪስ በመጨረሻ።

"ደምዎ ውስጥ።"

ዘምዘም ሳትጠየቅ ውሃ አመጣች፤ ከጓሮዋም ሎሚ ቆርጣ ጨመቀችበት። አያ እንድሪስ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ቢስሚላህ ብለው አንዱን ዋጡ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት የሺን፣ አሁንም ቀና ብለው ሳያዩአት። የሺ ያን ጊዜ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሐኪም አያለቅስም ያለኝ መምህር በዚያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ እየዋጡ፣ በገበያ ቀን ወደ ሐይቅ ሲወጡ እኔ ጋ ጎራ ይላሉ። "ንብረቱን እዪው" ይሉና ጣታቸውን ይዘረጋሉ። በመጀመሪያ ጠብታዋ እንደ ወትሮዋ ተንሳፈፈች። በሌላ ጊዜ መሐል ላይ ደርሳ ለመውረድም ለመውጣትም ያቃታት ይመስል ቆመች። አንድ ጠዋት ግን ለቀቅኋት፣ ወረደች፣ ከታች ተቀመጠች። ጋሽ ተፈራን ጠርቼ አሳየኋቸው። እኚያ ስንት ሺህ ጠብታ ያዩ ሰው ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን ደጋግመው አዩ።

የሺ ምጥ የያዛት እኩለ ቀን ላይ ነው። ደሴ ስናደርሳት አያ እንድሪስ አብረውን ነበሩ። ሕፃኗ በደህና ወጣች፤ ወዲያው ግን እንደተፈራው ደሙ መፍሰስ ጀመረ። የሐኪሞቹ እርምጃ ሲፋጠን እኛ በወዲያኛው ክፍል ጠርሙሱን እየሞላን ነበር። ገና ሲሞላ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ይዤው ሮጥኩ። ጠርሙሱ ተሰቅሎ መውረድ ከጀመረ በኋላ የየሺ ከንፈር ቀስ በቀስ ሲቀላ ቆሜ አየሁ። አርዲቦ ዳር በሎሚ ውሃ የተዋጠው ብረት ነው። ይህን እያወቅሁ ማየት ምን እንደሚመስል ዛሬም በቅጡ መናገር አልችልም።

ሁለቱም ተረፉ፤ እናትም ልጅም።

አያ እንድሪስ ሻያቸውን ጠጥተው ሲነሡ እንደ ደንቡ አዲስ ጥቅል ክኒን አዘጋጀሁላቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ ከመቀበላቸው በፊት ግን ጠየቁኝ።

"ይኸኛውስ የማን ነው?"

"ገና አላወቅናትም" አልኳቸው።

ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ለአዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ነው፤ ደም ስትቀዱ ብረትም ትቀዳላችሁ። ለጋሹን ብረቱን ሳትመልሱለት አትሸኙት። አልቀበልም ካለም ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ክኒኑን የሚውጥበት ምክንያት እስክታገኙ ድረስም ሥራችሁ አላለቀም።