ሳትዘገይ የምትናገር ማሽን

ሊፍቴ ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ሥራው የሊፍት ጥገና ነው፤ ግን ሊፍት የሚጠግን ሁሉ ሊፍቴ አይባልም። እሱ የተባለው ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሊፍት ላይ ስለሚያርፍ ነው። ሰው የጥርስ ሕመሙን ሲያዋየው እንኳ መጨረሻው ሊፍት ነው።

«እስቲ ንገሩኝ፣» ይላል፣ «ሊፍት ቆሞ ‹እባክዎ ይጠብቁ› ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም! ለምን መሰላችሁ? ውስጡ ያለችው ቺፕ የምታውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ፕሮግራሟ በቀጥታ ብረቱን ያዛል። መሃል ላይ ደላላ የለም!»

ደላላ የሚለው እኛ ስልካችንና ኮምፒውተራችን ላይ የጫንነውን ፕሮግራም በሙሉ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ያም ሌላ እየጠራ፣ ብረቱ ጋ እስኪደረስ ድረስ ስንቱ እጅ ይገባበታል ባይ ነው። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሰው ግን ያወቀውን ነገር ከቦታው አንስቶ ሁሉም ቦታ ልትከለው ሲል ነው ጉድ የሚፈላው።

አባቱ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አፋቸው አያርፍም። ተሳፋሪ ቦታውን አሳልፎ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሲጮህ፣ «መውረዱንማ ሁላችንም እንወርዳለን፤ የት እንደሆነ ቀድመህ አትነግረኝም?» ይሉታል፤ አውቶቡሱ በሳቅ ይናጋል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ተራው የእናትየው ነው። እሳቸው ይለክፋሉ፣ እናትየው አይምሯቸውም። «ሴትዮ»፣ «ሰውዬ» ነው የሚባባሉት፤ በስም ከተጠራሩ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ልጆቹ ያደጉት ይህን ሲሰሙ ነው፤ ራዲዮ ባይኖር ግድ የማይሰጠው ቤት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አባትየው ጫማቸውን እያሰሩ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን ከዚያች ቀን ወዲያ አልታዘዝ አሏቸው። ይሰማሉ፣ ያነባሉ፣ ይናደዳሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ «እ… እ…» ብቻ። ቀልድ ሲመጣባቸው ዓይናቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ መውጫ ያጣና እንባ ሆኖ ይወርዳል። እናትየው በሻሽ ጫፍ ይጠርጉላቸውና፣ «በል ተወው ሰውዬ፣ ነገ ትለክፈኛለህ» ይሏቸዋል።

ልብስ ሰፊዋ እህቱ ዝም ብላ አላየችም። ከአንዲት ደንበኛዋ ያገለገለ ታብሌት ገዝታ መጣች። ፊደል ሲነኩት ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። አባትየው በግራ እጃቸው ሌባ ጣት እየፈለጉ፣ እየሳቱ፣ መልሰው እያጠፉ ጻፉ። ታብሌቷም «ሴትዮ ዛሬ» አለች በዚያ በብረት ድምጿ። አባትየው ሊቀጥሉ ጣታቸውን ሲያነሱ ስክሪኑ ደረቀ። ቢነኩት ቢነካኩት ወይ ፍንክች!

«ሰውዬ፣ ዛሬ ምን?» አሉ እናትየው እየሳቁ። «ዛሬ ምን? ጨርሰው እንጂ!»

ሊፍቴ ግን ሳቅ አልመጣለትም። ደሙ ፈላ። ታብሌቷን ከአባቱ ጭን ላይ አነሳት።

«በአባዬ በዚህ ቅራቅንቦ አላስቀልድም። እኔ እሠራለታለሁ። ከመሠረቱ! የማትደርቅ፣ የማትዘገይ፣ ቁልፏን ሲነኳት በርታ የምትጠብቅ። ትንሽ ብቻ ታገሡኝ።»

«አንተ ልጅ፣ አጥፍቼ ባበራው ይስተካከላል እኮ!» አለች እህቱ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ታብሌቷ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች። አባትየው በዓይናቸው ተከተሏት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ልጃቸውን ያምኑት ነበር፤ ይህ ነው የኋላ ኋላ አንጀቱን የቆረጠው።

ሥራው ተጀመረ። ከጣሉት የሊፍት መቆጣጠሪያ ቦርድ ቺፕ ነቀለ፣ ትንሽ ስክሪን ገዛ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል የሶልደር ብየዳ ሽታ ብቻ ሆነች። ማሽኗን የሚያዘውን ዋና ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ራሱ ጻፈው፤ ደላላ የለማ! ደላላ ከሌለ ግን ፊደሉንም ማንም አይሰጥህም። ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዘራቸው፣ እያንዳንዱን ፊደል በነጠብጣብ ሣለ። ድምፁም እንደዚያው። እያንዳንዱን ፊደል በገዛ ድምፁ እየጠራ ቀዳ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «ፊደል የሚቆጥር አንደኛ ክፍል ተማሪ ያለን መስሎኝ!» እያለች ታበሽቀው ነበር።

እናትየው በዚህ መሃል ታመሙ። ልብ ነው ተባለ። ሐኪሙ ለልጆቹ ለብቻቸው፣ «እንግዲህ ብዙ ጊዜ የላቸውም» ብሎ ነገራቸው። እህቱ ከሆስፒታሉ በር ላይ ክንዱን ያዘችው።

«ስማኝ ወንድሜ። እማዬ አንድ ነገር ነው የቀራት። ከአባዬ ጋ መለካከፍ። ምንም ነገር ስጣቸው። ያቺን ታብሌትም ቢሆን፤ የደረቀ ይሁን፣ የተንቀራፈፈ ይሁን፣ ስጣቸው!»

«ታብሌቷን አትንኪያት፤ የእኔ ደርሷል፤ ትንሽ ነው የቀረው» አላት። ውሸቱን አልነበረም፤ እንዲያውም የምሩን ነበር። ችግሩ ትንሽ የምትለዋ ነገር አላልቅ ማለቷ ነው። ማሽኗ ቅርጽ በያዘች ቁጥር ሐሳቡ ያድጋል። አሁን የአባቱ ብቻ አይደለችም፤ መናገር ላቃተው ሰው ሁሉ የምትሆን፣ በየቋንቋው የምትናገር፣ ባትሪዋ የማያልቅ ልትሆን ነው። ሳይሠራት ለዓለም አከፋፈላት! በሥራ ቦታ ጋሼ ካፖርት የሚሉት፣ ክረምት ከበጋ ካፖርቱን የማያወልቅ ሽማግሌ ኤሌክትሪሽያን፣ ይህን ሁሉ ሲሰማ ከቆየ በኋላ፣ «ቆይ፣ አባትህ የፈለጉት ወሬ ነው ወይስ ኮምፒውተር?» ብሎ ጠየቀው። ሊፍቴ አኮረፈው።

አንድ እሁድ ማሽኗ ተናገረች። እህቱ ቆማ እያየች «እ» «ማ» «ዬ» ብሎ ነካ፤ በራሱ በሊፍቴ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ፣ «እ — ማ — ዬ» አለች። እህቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«በቃ! አምጣት! አሁኑኑ እንውሰድላቸው!»

«ትዘገያለች እኮ» አለ ሊፍቴ። እውነትም ፊደሉን ከነኩት በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ዓይን እርግብ እርግብ እስኪል ያስጠብቃል። ለሌላ ሰው ኢምንት ነው። ለሊፍት ሠራተኛ ግን ቁልፍ ተነክቶ ዝም ማለት ነውር ነው። «አባዬ ቀልድ ነው የሚያወራው። ቀልድ ከዘገየ ቀልድ ነው? የድምፁን ክፍል እንደገና እጽፈዋለሁ፤ የዘገየው እዚያ ጋ ነው።»

«አብደሃል እንዴ? እማዬ እኮ…»

«ትንሽ ነው አልኩሽ!»

ፈታት። የምትናገረውን ማሽን፣ ተሠርታ ያለቀችውን፣ በገዛ እጁ አፍርሶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋት። ምን ይባላል እንግዲህ! እልኸኛ ነው እንዳይባል፣ አባቱን ከዓይኑ ብሌን በላይ ይወዳል። የሚወዱትን ሰው እንዲህም አድርጎ መጉዳት አለ።

ማሽኗ ተዘርግታ ሳለች እናትየው ባሰባቸው። ሆስፒታል አልጋው ጎን አባትየው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በግራ እጃቸው የሚስታቸውን እጅ ይዘዋል። እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋቸው።

«እህ፣ ሰውዬ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ዛሬም ዝም?»

አባትየው አፋቸውን ከፈቱ። «እ… እ…» የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ሊፍቴ እግርጌው ላይ ቆሞ ያያል። ኪሱ ውስጥ ያለችው የብሎን መፍቻው ብቻ ነበረች። ያቺን እየተንቀራፈፈች የምትናገረውን ማሽን ይዞ መጥቶ ቢሆን! ታብሌቷንስ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረደ ቢኖር! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ተወው፣ አትድከም» አሉ እናትየው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተናገሩም። በማግሥቱ አረፉ።

ሊፍቴ ወር ሙሉ ያቺን ክፍል አልከፈተም። ከዚያ ገባ። ሥራውን የቀጠለው ተስፋ ኖሮት ይሁን እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ፣ እሱም አያውቀው። ስለ ዓለም ማውራቱን ተወ፤ ባትሪውንም፣ የሌላውንም ቋንቋ ተወ። ድምፁን ብቻ ጻፈ፣ ቦርዱን ገጠመ፣ በአንድ ትንሽ የእንጨት ሳጥን አደረጋት። ቁልፏን ሲነኳት በራች። ፊደሉን ሲነኩት አፍታ እንኳ ሳትቆይ ተናገረች። ሠራች! ያለው ሁሉ ሆነ።

አባቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። በፊት ለፊታቸው ያለው የእናትየው ወንበር ባዶ ነው። ሳጥኗን ጭናቸው ላይ አኖረላቸውና ከእግራቸው ሥር በርከክ አለ። እህቱ የምትሰፋውን አቁማ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይኸውልህ። አትደርቅም። አትዘገይም። የፈለግከውን ተናገር።»

አባትየው ሳጥኗን ገለበጥ አድርገው አዩ፤ ሥራ ያውቃሉና እንጨቱን፣ ብሎኑን በጣታቸው ዳሰሱ። ራሳቸውንም ነቀነቁ፣ ጎበዝ እንደማለት። ከዚያ ጣታቸውን አነሱና ረጋ ብለው ሦስት ፊደል ነኩ። ማሽኗም ወዲያው፣ በራሱ በሊፍቴ ድምፅ፣

«ለ — ማ — ን» አለች።

እህቱ ፊቷን አዞረች። ሊፍቴ ያልተዘጋጀበት ነገር ይኼ ብቻ ነበር።

«ለእኔ» አለ ድምፁ እየተቆረጠ። «ለእኔ አውራኝ አባዬ። እኔን ልከፈኝ።»

አባትየው አልተቆጡም። ቢቆጡት በተሻለው። ዓይናቸው ላይ ያ የድሮው ቀልድ ይመጣ እንደሆን ጠበቀ፤ አልመጣም። በግራ እጃቸው ጉንጩን መታ መታ አደረጉት፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብሉ። ከዚያ ሳጥኗን በቀስታ ገፋ አድርገው እጁ ላይ መለሱለት።