ጉድጓዱ ላይ የገጠምነው ታይመር

ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ውጭ የብርቱካን አትክልት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወደ ሱቃችን የመጡት የበጋው ፀሐይ ዛፎቹን ማጠውለግ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔና ባልደረባዬ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ራዲዮ እንጠግን ነበር። እሱ በዕድሜ ይበልጠኛል። ድሬዳዋ ወርዶ የሞተር ሥራ የተማረ፣ መብራት ባልገባበት የገጠር መንደር ከሚስቱ ጋር የሚኖር ሰው ነበር።

“የጉድጓዴ ውኃ ቶሎ ያልቃል” አሉን ሽማግሌው። “ሞተሩ ጥቂት ስቦ ማረፍ አለበት። ዘበኛዬ ማጥፋቱን እየረሳ አንዱን ሞተር አቃጠለብኝ። ራሱ የሚያበራ፣ ራሱ የሚያጠፋ ነገር የለም?”

“አለ ሐጂ። ኢንሻ አላህ እንገጥምልዎታለን” አላቸው ባልደረባዬ።

የትኛውን ታይመር እንደምንመርጥ ግን ተከራከርን። እኔ በራዲዮ አምፖል፣ በቫልቮላ፣ እና መብራት በሚያጠራቅም ኮንዴንሰር ራሳችን እንሥራው አልኩ፤ ኮንዴንሰሩ ቀስ ብሎ እየሞላ ጊዜውን ይለካልና።

“ለደቂቃ ይሆንሃል፣ ለሰዓታት አታምነውም” አለኝ። “ሙቀት ሲነካው ልኩን ይስታል።”

እውነቱን ነበር። ገበያ ላይ የነበሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ግድግዳ ሰዓት እየተጠመዘዘ በሞላ የሚሄድ፣ ሌላው በራሱ በመብራቱ ኃይል የሚዞር። እኔ የሞላውን ወደድኩ፤ መብራት ቢጠፋም መሄዱን አያቆምም።

“ሞተር ማጥፋት የረሳ ሰው ሞላ መጠምዘዝ ያስታውሳል?” አለኝ። በመብራት የሚዞረውን ገጠምን።

ለወራት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ምሽት ከተማው ጨለማ ሆነ፤ መብራቱ የተመለሰው ሊነጋ ሲል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ታይመሩ ቆሞ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ፤ ከእውነተኛው ሰዓት ግን ብዙ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባልደረባዬ መንደሩ መብራት የለ፣ መጥፋቱን በምን ይወቅ? ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ላልቷል የሚል መልእክት ደርሶት ኖሮ፣ ጠዋት ወደ ሱቅ ሳይመጣ በቀጥታ ወደ አትክልቱ ሄደ።

የሆነውን የነገረኝ ዘበኛው ነው፤ መብራት ጠፍቶ ማደሩን ለባልደረባዬ መንገር አላሰበም ነበር። ሞተሩ የተቀመጠው ጉድጓዱ ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ ነበር። ዋናው ማጥፊያ ያለው ሐጂ ቤት ውስጥ ሲሆን ቤተሰቡ ገበያ ስለሄደ ቤቱ ተቆልፏል። ባልደረባዬ ሞተሩ መቆሙን ተመለከተ፣ የእጅ ሰዓቱንም አየ።

“የጠዋቱን ስቦ ጨርሷል። እስከ ቀትር አይነሣም” ብሎ በመሰላሉ ወረደ።

ቺንጋውን እንደያዘ ሞተሩ ተነሣ። እጅጌውን ይዞ ጎተተው። ዘበኛው ጩኸት አልሰማም፤ የሰማው ውኃው ሲንቦጫረቅ ብቻ ነው።

እኔ ስደርስ በገመድ አውጥተው ጋቢ አልብሰውታል። ሞተሩን ለማቆም የሐጂን በር መስበር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ጀናዛውን በዚያው ዕለት መንደሩ ወስደን ቀበርነው።

ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ሚስቱ አጠገቤ መጣች።

“ሰዓት ሳያይ ነው የወረደው?”

“አይቷል። የእሱ ሰዓት ልክ ነበር። ወደ ኋላ የቀረው የታይመሩ ነው፤ የጠዋቱን መሳብ የጀመረው ያኔ ነው።”

“ታዲያ ያንን ዕቃ ለምን መረጣችሁት?”

የተከራከርነውን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ” አለች፤ ፊቷ ግን ቃሏን አልተከተለም።

ሐጂ ጉድጓዱን በድንጋይ አስደፈኑት። ብርቱካኖቹ በተከታዩ በጋ ደረቁ። እኔ ሱቁን ብቻዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ታይመር ለሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው መብራት ይጠፋ እንደሆነ ነው። ሞተሩ አጠገብ በእጅ የሚዘጋ ማጥፊያ ካላስገጠመም አልሠራለትም።

“ለአንዲት ሰዓት ይህ ሁሉ ጣጣ?” ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ የሚሄድ አለ። መልሼ አልጠራውም።