ሁሉም ሁለት፣ ክፍሉ አንድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባልደረባዬ የዳታ ማዕከል ንድፍ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። ያማረ ንድፍ ነው። መረጃ የሚያመላልሰው ስዊች ሁለት፣ የፋይበሩ መስመር ሁለት፣ ፋይል የሚቀመጥበት ስቶሬጅም ሁለት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። "ምንም ቢመጣ አይቆምም" አለኝ በኩራት። እኔን ግን ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ።

ያ ሽታ የአርባ ምንጭ ነው፤ የየካቲት። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ስሙን የማላነሳው አንድ ተቋም ቀጥሮኝ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደዚያ ሙቀት ወረድኩ። ሙቀቱን መጀመሪያ እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት። ያስታረቀን ጠዋት ጠዋት ከኩልፎ ወንዝ ዳር በጋሪ የሚመጣው ሙዝ ነው።

በኃላፊያችን በአቶ ቶማስ ንድፍ ላይ ሁለቱ ስቶሬጆች በተለያዩ ሕንፃዎች እንዲቀመጡ ነበር የታሰበው። ግን በዚያ ሙቀት ማሽን ሊኖርበት የሚችል፣ ኤሲ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነበረን። "ለጊዜው" ተባለና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ ዘንድ ዕድሜው ረጅም ነው።

ከሁሉ በላይ ያመኑን ጋሽ ሻጋ ነበሩ። የገረሴ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ የባህል ጥናት ሠራተኛ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋሞን ደጋ በእግር እየዞሩ የሽማግሌዎችን እርቅና ምርቃት በካሴት ቀድተዋል። በተለይ የሚሳሱለት የሟች አባታቸው ምርቃት ነበር። ካሴቶቹ ሻግተው መበጣጠስ ሲጀምሩ ድምፁን ሁሉ ወደ ስቶሬጁ ገለበጥነው። "አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ ልያዝ እንዴ?" ብለው ሲጠይቁ አቶ ቶማስ ሳቁ።

"ጋሼ፣ ሁሉ ነገር እኮ ሁለት ሁለት ነው!"

ካሴቶቹ ተጣሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ስቶሬጁም ልክ በንድፉ እንደተጻፈው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኤሲው ግን ለጄኔሬተሩ ስለሚከብደው አልተያያዘም ነበር። ለማሽኖቹ ሁሉ ተጠባባቂ ስናስብ፣ ማናችንም ቅዝቃዜውን ከማሽኖቹ ጋር አልቆጠርነውም። ራሳቸው በሚተፉት ሙቀት ይቀቀሉ ጀመር።

መስኮት ከፈትን፤ የሚገባው አየር ከውስጡ አይሻልም። በባጃጅ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወርጄ ዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ በረዶ ለመንኩ። "ለስንት ኪሎ ዓሣ ነው?" አለችኝ ሴትየዋ። "ለኮምፒዩተር" ስላት ያበድኩ መስሏት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሞላችልኝ። በረዶውን በሳፋ አድርገን ቬንቲሌተር ፊት ደቀንነው። ክፍሉ ዓሣ ገበያ ሆነ፤ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አልል አለ።

"እናጥፋው" አልኩ።

"የተማሪ ምዝገባ ላይ ነን! አይቆምም ብዬ ለበላዮቼ ቃል ገብቻለሁ" አሉ አቶ ቶማስ፤ ላባቸው ባገጫቸው ይንጠባጠባል። "አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል።"

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሞተ። በሩ ላይ ቆመው ሁሉን ሲሰሙ የነበሩት ጋሽ ሻጋ ሹልክ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ከግቢው ቧንቧ ሥር የነቀሉትን እርጥብ ሣር ይዘዋል። አቶ ቶማስ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ፣ ደም ልታፈስ ብትሄድ እንኳ ትቆማለህ እንጂ አልፈኸው አትሄድም። አቶ ቶማስ ደግሞ የዚያው የጋሞ ደጋ፣ የጨንቻ ልጅ ናቸው።

"ቶማስ፣ ልጄ፣ አባቴ እዚያ ውስጥ ነው። አጥፋልኝ።"

"ኧረ ይነሱ ጋሼ! በማርያም ይነሱ!"

ሽማግሌውን አንስተው፣ በገዛ እጃቸው አጠፉት። ምዝገባው ቆመ።

መብራት መጥቶ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ብናስነሳው ሁለተኛውም አልነሣ አለ። ዲስኮቹን አዲስ አበባ ድረስ ተሸክሜ ሄድኩ፤ የሚያድናቸው አልተገኘም። ባዶ እጄን ስመለስ የምለው ቢጠፋኝ፣ መቅጃ ይዤ ጋሽ ሻጋ ቢሮ ገባሁ።

"የአባትዎን ምርቃት እርስዎ ያውቁት የለ? ይበሉትና አሁኑኑ እንቅዳው።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቀና ብለው ተቀመጡ። በጋሞኛ ጥቂት ቃላት አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። ደጋግመው ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

"በየጠዋቱ ለብቻዬ እለው ነበር፣ ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ። "ለእናንተ ከሰጠሁ ወዲያ ተውኩ። አለ ብዬ።"

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው መቅጃውን አጥፍተው መለሱልኝ።

"ኤሲውስ?" አልኩት ንድፉን ያመጣልኝን ወጣት። ጄኔሬተሩ ላይ መያያዙን አሳየኝ፤ ኤሲውም ሁለት ነው። ክፍሎቹም ለየብቻ ናቸው፤ የማይነካ ቅጂም ሌላ ከተማ አለ። ስህተት አጣሁበት። ብቻ ፋይላቸውን ለሚያስረክቡት ሰዎች፣ የራሳቸውን እንዳይጥሉ ንገራቸው አልኩት። አዎ አለኝ፤ የገባው አልመሰለኝም።

ጋሽ ሻጋ ከሞቱ ቆዩ። ደጋግመው የቆሙባቸው እነዚያ ጥቂት የጋሞኛ ቃላት እኔ ዘንድ ቀርተዋል። በየጠዋቱ እላቸዋለሁ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለውን የሚነግረኝ ግን የለም።