ከኡካ ስንመለስ ከኋላዬ የተሰማው ክላክስ

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ጓደኞቼ የማወራውን ሁሉ ግማሹን ቀንሰው ነው የሚሰሙኝ፤ አይፈረድባቸውም። ይኼን ግን ሳይቀነስ አንብቡልኝ፤ እስከ ዛሬ ጉም በወረደ ቁጥር ልቤ አርፎ አይቀመጥም።

አምስት የመቱ ከተማ ሞተረኞች ነን። ሁላችንም አርባን ዘለናል፤ ስንነዳ ቦርጫችን የነዳጅ ታንከሩ ላይ ያርፋል። ጤነኛ ሰው በነሐሴ ቤቱ ይቀመጣል፤ እኛ ግን ዝናቡ ጋብ ባለ እሑድ በጫካው መንገድ ካልዞርን ያመናል። የዚያን ዕለት ወደ ኡካ ከተማ ወጣን። ብርዱ ሌላ ነው። ጢሜ ላይ ያረፈው ጤዛ በረዶ ሠርቶ ለአንድ ብርጭቆ ውስኪ ይበቃ ነበር። (እሺ፣ ይቺን ቀንሷት።)

ደንብ አለን። የሚመራን አብዱ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ድልድይ ሲደርስ አንዴ ክላክስ ያደርጋል፣ ተከታዩ ይቀበለዋል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይወርዳል። አምስት ከተሰማ ማንም አልጎደለም ማለት ነው።

ኡካ ምሳ ስንበላ አፌ አላርፍ ብሎኝ አንድ ወሬ ፈጠርኩ። «በዚህ መንገድ የሞተ ሞተረኛ አለ፤ ጉም ሲወርድ የመጨረሻውን ሰው ይከተላል» አልኳቸው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚነዳው ታከለ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

«እኔ ዛሬ ከኋላ አልነዳም» አለ።

«ያወራው ራሱ ይንዳ!» ብሎ አብዱ ፈረደብኝ።

ስንመለስ ጉሙ ወረደ። ገና ከሰዓት ነው፤ ግን ከታከለ ቀይ የኋላ መብራት በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። የመጀመሪያው ድልድይ ላይ አብዱ ክላክስ አደረገ፣ ተቀባበሉ፣ እኔም ጨረስኩ። ከዚያ ከኋላዬ ሌላ ቀጭን ክላክስ ተሰማ።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ሁለተኛው ድልድይ ላይም ተደገመ። ዞር ስል ነጭ ብቻ ነው፤ መብራት የለም። የሞተር ድምፅ ግን አለ። ቀስ ስል ቀስ ይላል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። በምሳ ሰዓት የፈጠርኩት ሰውዬ ራሴ ላይ መጣ! ክላክሴን ሳላቋርጥ ነፍቼ ሁሉንም አስቆምኳቸው።

«የሚከተለን ሰው አለ» አልኩ።

«ደግሞ ጀመርክ!» አለ አብዱ።

«በልጆቼ ይሁንብኝ!»

ሞተራችንን አጠፋን። ጉሙ ውስጥ ያለውም ሞተር መጥቶ ቆመ። ከዚያ አንዲት ሴት አቃሰተች። ታከለ ክንዴን የጨመቀኝ አጨማመቅ አሁንም ያመኛል።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ለምን ቆማችሁ?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። «በእናታችሁ፣ አትቁሙብኝ!»

ቀረብን። አንድ ወጣት ገበሬ ነው። ከጀርባው ምጥ የያዛት ሚስቱ አለች፤ ከእሷ ኋላ ደግሞ እናቱ ደግፈዋት ተቀምጠዋል። የሞተሩ የፊት መብራት ተሰብሯል፤ መኪና ቢጠብቅ አጥቷል።

«የእርስዎን ቀይ መብራት ይዤ ነው የመጣሁት፣ ኦቦ» አለኝ። «ክላክስ ስታደርጉም ‹አለህ ወይ?› ያላችሁኝ መስሎኝ ‹አለሁ› እያልኩ ነበር።»

ወዲያው ሞተሬን አስነሳሁ።

መሀላችን አስገባነው። አብዱ ከፊቱ ሆኖ መንገዱን ያሳየዋል፣ እኔ ከኋላ አበራለታለሁ። እናቱ ዞር እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ስድብ ያወርዱብኛል።

«አንተ ወፍራም! መብራትህን ዝቅ አድርግ፣ ዓይኔን አጠፋኸው!»

«እሺ እትዬ!»

«አትራቅ! ቅረብ!»

ልጅቷ ስትጮህ እንጨነቃለን፤ ዝም ስትል ይብሳል። አንድ ዳገት ላይ በጣም ረዘመ ዝምታው። ክላክስ አደረግኩ። ባልየው አልመለሰም። ደገምኩ። አሁንም የለም። ፈጥኜ ተጠጋኋቸው።

«አለን! ዝም ብለህ ንዳ!» አሉ እናቱ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

መቱ ሆስፒታል አድርሰናቸው ወደ ቤታችን መሄድ አቃተን። ልብሳችን እየተንጠባጠበ በር ላይ ተንቆራጠጥን። አብዱ መቁጠሪያውን፣ ታከለ ማዕተቡን ይዟል፤ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ወጪ ገቢውን ሁሉ ስንጠይቅ ዘበኛው ሊያባርረን ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ እናቱ ወጡ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉ። ከዚያ እኔን ለይተው አዩኝ። «አንተ ደግሞ አሁንም እዚህ ነህ? ሂድ ልብስህን ቀይር፣ በብርድ ትሞትብኛለህ!»

ስቄ ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አለቀስኩ። ጓደኞቼ ይህችን እስካሁን ጨምረው ነው የሚያወሩብኝ።

ቤቴ መንገድ ዳር ነው። አሁን በቀንም ቢሆን ጉም ሲወርድ መቀመጥ አልችልም፤ እነሳና የበረንዳውን አምፖል አበራለሁ። ሚስቴ «በቀን መብራት የሚያበራ አንተን ብቻ አየሁ» ትለኛለች። እኔም እየቀለድኩ አልፋታለሁ። ጉሙ እስኪነሳ ግን ማብሪያውን እንድትነካ አልፈቅድላትም።